የአባዬ አውሮፕላን የማን ነው?

ሰው ግድግዳው ላይ ፎቶ ከመስቀሉ በፊት ደጋግሞ ማሰብ አለበት። እኔ ሳላስብ የማደርገው ነገር የለም፤ ወጥ ውስጥ ጨው የምጨምረው እንኳ አስቤ፣ ተጠራጥሬ፣ ቀምሼ፣ እንደገና አስቤ ነው። ይኸው ያን ያህል አስቤ የሰቀልኩት ፎቶ ልጄን ሳትዳር ሊያስቀራት ነበር። የማያስቡ ጎረቤቶቼ ደግሞ ግድግዳቸው ላይ የሳሙና ማስታወቂያ ለጥፈው በሰላም ይኖራሉ።

ፎቶው የአባቴ ነው። አባዬ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፍ እየቆረጡ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የሞቱት እኔ አፌን ሳልፈታ ስለሆነ መልካቸውን የማውቀው ከዚያች ፎቶ ብቻ ነው። በፎቶዋ ላይ አባዬ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠዋል። እንጨት ሻጭ አውሮፕላን ውስጥ ምን ይሠራል እንደምትሉ ዐውቃለሁ። እኛም ብለናል። እናቴም ስትል ኖራ መልሱን ሳታገኝ አረፈች። አባዬ ከወገባቸው በላይ ብቅ ብለው፣ ባለ ትልልቅ ቁልፍ የወታደር ካፖርት ለብሰው፣ አንድ እጃቸውን ጠርዙ ላይ አሳርፈዋል። ፊታቸው ግን የሚበር ሰው ፊት አይደለም፤ ጥርሱን ሊነቀል የተቀመጠ ሰው ይመስላሉ። አውሮፕላኑ የድሮ መሆኑ ያስታውቃል። ባንዲራ የለበትም፣ ቁጥር የለበትም፣ ክንፉ ላይ እንደ አሮጌ ሱሪ የተጣፈ ቦታ አለ። ፎቶውን ከታች በኩል ፍሬም ሠሪው ለልኩ ሲል ስለቆረጠው ጎማው ግማሽ ላይ ቀርቷል።

አብዮቱ ሲመጣ ሌላው ሰው ስለ መሬቱና ስለ ትርፍ ቤቱ ሲጨነቅ እኔን ያስጨነቀኝ ይህ አውሮፕላን ነው። የንጉሡ ቢሆንስ? በንጉሡ አውሮፕላን የተቀመጠ አባት ያላት ሴት ምን ልትባል ነው? አውርጄ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ደግሞ ሣጥን ውስጥ የተደበቀ ፎቶ ቢገኝስ ብዬ አወጣሁት። በመጨረሻ ከቀበሌ የሊቀመንበሩ ፎቶ ሲታደል ተቀበልኩና በዚያው ፍሬም ጀርባ አስገብቼ ሁለቱንም ወገን መስታወት አስገጠምኩ። ፍሬሙ ሁለት ፊት ሆነ። የቀበሌ ሰው ሲመጣ ሊቀመንበሩ፣ ዘመድ ሲመጣ አባዬ። እኔ የእንግዳውን ማንነት ከአንኳኳኩ ለይቼ፣ ፍሬሙን አገላብጬ፣ ከዚያ በሩን እከፍታለሁ። ባለቤቴ በዚህ ቤት ውስጥ እንደዚህ ፍሬም የሚሠራ የለም ይል ነበር።

ልጄን ስንዱን መስፍን የሚባል ልጅ ወደዳት። የተረጋጋ ልጅ ነው፤ መንገድ ሲሻገር ሁለቱንም ወገን ያያል፤ ይህን በዐይኔ አይቼ ነው የወደድኩት። ሽማግሌ ላከ። የሽማግሌዎቹ አውራ አጎቱ ግራዝማች ወልዴ ናቸው። ግራዝማችነታቸው በዐዋጅ ቀርቷል፤ የየካ ሚካኤል ሰፈር ግን ዐዋጁን አልሰማም። በጠላት ጊዜ በዱር በገደሉ የተዋጉ አርበኛ ናቸው። መስፍንን አባቱ ከሞተ በኋላ ያሳደጉት እሳቸው ስለሆኑ፣ እሳቸው እሺ ካላሉ ጋብቻ የለም።

ያን ዕለት በሩ ሲንኳኳ ቀስ ብሎ፣ በዱላ ጫፍ፣ በሥርዓት ነበር። የሽማግሌ አንኳኳክ ነው ብዬ አባዬን ወደ ፊት አዞርኩ። የልጅቱን አያት ይወቁ ብዬ። እንግዲህ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ተቀመጡ ቢሉት እሺ አይልም፤ ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል። ሦስቱ ሽማግሌዎች በተርታ ቆሙ። ፍሬሙ ደግሞ በቆመ ሰው ዐይን ልክ ነው የተሰቀለው። ሥርዓቱ ተቀምጦ መናገር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። የመጣንበት ጉዳይ ብለው ጉዳዩ ላይ ሳይደርሱ ዐይናቸው ግድግዳው ላይ ቀረ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«እኚህ ማን ናቸው?» አሉ።

«አባቴ ናቸው» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

«ይህ የጣሊያን አውሮፕላን ነው» አሉ።

ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ሌላ ቀን እንመለስበታለን ብለው ወጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ጊዜ እኛን አንድ ጊዜ አውሮፕላኑን እያዩ ተከተሏቸው። ባለቤቴ በሩን ዘጋና፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ማለት የሚገባን እኛ አልነበርንም እንዴ አለ። እውነቱን ነው። በአገሩ ወግ ሽማግሌ የምታመላልሰው የሴት ወገን ናት። የወንድ ወገን ሊለምን መጥቶ ራሱን በቀጠሮ ሲያሰናብት ከኛ ቤት በቀር የት ታይቶ ያውቃል?

ነገሩ ግን ግልጽ ነው። በጣሊያን አውሮፕላን ውስጥ የተቀመጠ ሐበሻ ስሙ አንድ ነው፤ ባንዳ። የአርበኛ ቤት የባንዳ የልጅ ልጅ አያገባም። ስንዱ አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ የሚያለቅስ ልጅ ይባበላል። እሷ የጓዳውን ዕቃ በሙሉ አውጥታ ማጠብ ጀመረች፤ ንጹሑንም ጭምር። ባለቤቴ ጋዜጣውን ሳያስቀምጥ፣ አውሮፕላን አውሮፕላን ነው፣ ይበራል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ። እኔ የምፈልገው የማን እንደሆነ ነው። የጣሊያን አለመሆኑን ካስመሰከርኩ ልጄም ትዳራለች፣ አባቴም መቃብር ውስጥ ሆነው ባንዳ ከመባል ይድናሉ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ደግሞ ስለ አውሮፕላን የተነገረን ነገር የለም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው መፈለግ ነበረብኝ።

መጀመሪያ የገጠመኝ ችግር ፎቶውን በምን ጠቅልዬ እንደምወጣ ነው። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት የአውሮፕላን ፎቶ ይዛ ከቤት ቤት ስትዞር ብትገኝ ምን እየሠራሽ ነው መባሏ አይቀርም። በጋዜጣ ልጠቅለው አልኩ። ጋዜጣውን ሳገላብጥ በየገጹ ሊቀመንበሩ አሉ። በፊታቸው ላይ ማጠፍ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ስፈልግ ስፈልግ የኳስ ገጽ አገኘሁ። እዚያም ዋንጫ እየሰጡ ነው። በመጨረሻ በትራስ ጨርቅ ጠቅልዬ ነጠላዬ ውስጥ ይዤ ወጣሁ።

በሰፈራችን የአውሮፕላን ዐዋቂ የሚባሉት አቶ ገብሬ ናቸው። አየር ማረፊያ ሣር ሲያጭዱ ኖረው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሳቸው አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ቀና ብለው ሳያዩ ድምፁን ሰምተው ዓይነቱን ይናገራሉ፤ ትክክል ይሁኑ አይሁኑ ማን ወጥቶ ይጠይቃል? ፎቶውን ተቀብለው ከፍ አደረጉት፣ ዝቅ አደረጉት፣ ከዚያ ከራሳቸው በላይ ይዘው ከሥር ወደ ላይ አዩት። አውሮፕላን የሚታወቀው በሆዱ ነው፣ ይህ ደግሞ በጎን የተነሣ ነው ብለው ወቀሱኝ። ቀጥሎ ክንፉን መረመሩ። በእሳቸው ትምህርት ሁለት ክንፍ የተደራረበበት የእንግሊዝ ነው፣ አንድ ክንፍ ብቻ ያለው የጣሊያን ነው። በፎቶው ላይ በግራ በኩል ሁለት ክንፍ ተደራርቧል። በቀኝ በኩል ግን አንድ ነው። አቶ ገብሬ ብዙ ካሰቡ በኋላ፣ በግራ በኩል እንግሊዝ፣ በቀኝ በኩል ጣሊያን ነው አሉኝ። አባዬ መሐል ላይ ተቀምጠዋል። ወደ የትኛው ዘንበል ብለዋል ብዬ ብጠይቃቸው፣ እሱን እንግዲህ እናንተ ቤተ ዘመዶቹ ዕወቁ አሉ።

እንግሊዝ ጣሊያንን ለማስወጣት የመጣ ነው። ስለዚህ አባቴ ግማሽ አርበኛ፣ ግማሽ ባንዳ ሆነው ወደ ቤት ተመለሱ።

ቀጥዬ የሄድኩት መምህር ተፈራ ዘንድ ነው። ከኛ ሁለት አጥር አልፎ የሚኖር የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትልቅ የአውሮፕላን መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። ፎቶውን መሐል አስቀምጠን ገጽ ስንገልጥ ዋልን። የፈረንሳይ አየን፣ የጀርመን አየን፣ አንድ እንደ አንበጣ ያለ አየን። የአባዬን የሚመስል የለም። መምህር ተፈራ በማዘን ፈንታ ደስ አለው። ማስመሪያ አውጥቶ የአባቴን ራስ ለካ፣ ከአውሮፕላኑ ጋር አካፈለ፣ ወረቀት ሞልቶ ጻፈና፣ እማማ፣ በስሌቱ መሠረት ይህ አውሮፕላን ከአንድ የጋሪ አካል አይበልጥም፣ ሰው ይዞ ሊነሣ አይችልም አለኝ። ወይ አውሮፕላኑ ልክ አይደለም ወይ አባትዎ ግዙፍ ሰው ነበሩ አለ።

አባቴ ረጅም እንደነበሩ ሲወራ ሰምቻለሁ። ስለዚህ ግዙፍ ነበሩ ብዬ ወሰንኩ፤ ለልጅ ደስ የሚለውም ይኸው ነው። መምህሩ ግን በዚህ አላበቃም። በዓለም ላይ ያልታወቀ የአውሮፕላን ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ፎቶውን ውጭ አገር ወዳለ ሙዚየም በፖስታ እንላከው አለ። ውጭ አገር! በፖስታ! የአውሮፕላን ፎቶ! እሱ ይህን ሲናገር መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ፎቶውን ከእጁ ነጥቄ፣ መጽሐፉን ዘግቼ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ይህን እንዳልተናገርከው ልቁጠረው ብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ በጥቅሻ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ጥቅሻ ደግሞ ከንግግር የባሰ ያስጠረጥራል።

የቀረችኝ የአባቴ እኅት ናት። ካራ ነው የምትኖረው፤ ከትንሽ ማሳዋና ከአንድ ላሟ ጋር። እንግዲህ አባቴን በሕይወት ሳሉ ያየ ሰው እሷ ብቻ ናት። ፎቶው የተነሣው መቼ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ጠላት አገር ውስጥ እያለ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ?

«የትኛው ጠላት?» አለች አክስቴ።

ይህን ጥያቄ የበለጠ ልገፋበት አልፈለግሁም። በዚያ ዘመን በየሬዲዮው የጠላት ዓይነት ብዙ ነበር። ጣሊያንን ነው አልኳት። አሰበች። ላሟን አየች። እሷ የምታስታውሰው ወንድሟ ያን ቀን ከበዓል ሲመለስ ሰማይ ደርሼ መጣሁ ብሎ ሲስቅ እንደዋለ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አላት። በፎቶው ላይ ያለው ካፖርት የእሱ አልነበረም። እንዲህ ያለ ካፖርት ኖሮት አያውቅም።

ከካራ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነገሩን አብሰለሰልኩት። ካፖርቱ የእሱ ካልሆነ የማን ነው? የወታደር ካፖርት ነው። የወታደር ካፖርት የሚሰጥ ደግሞ ጦር ነው። የየትኛው ጦር? በጠየቅሁ ቁጥር የሚመጣው መልስ ሁሉ አባቴን ይበልጥ የሚያስርብኝ ሆነ። ላምበረት ስንደርስ በሐሳቤ አባዬን የጣሊያን ሻምበል አድርጌያቸዋለሁ።

ቤት ስገባ ስንዱ የቤቱን ዕቃ ጨርሳ የጎረቤት ዕቃ ተውሳ ታጥባለች። ይህን ሳይ ወሰንኩ። ግራዝማች ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር እወድቃለሁ። የሙሽራ እናት የወንድ ወገን ቤት ሄዳ ስትለምን ነውር ነው፤ ሰፈር ሲሰማ ምን ይላል? ነገር ግን ልጄ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ድስት ስትፈትግ ከማይ ነውሩ ይሻላል አልኩ። ማር በጠርሙስ ያዝኩ። ፎቶውንም በትራስ ጨርቁ ያዝኩ፤ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ምናልባት አባቴም አብረው እንዲለምኑልኝ ነው።

ቤታቸው ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው። ግራዝማች ዕድር ሄደው አልተመለሱም። ባለቤታቸው በደስታ ተቀበሉኝ፤ ነገሩን አልሰሙም ማለት ነው። ሳሎን አስቀመጡኝና እንደማንኛውም ሰው እንግዳውን ግድግዳ ማስጎብኘት ጀመሩ። መሐል ላይ፣ በባንዲራ ጥብጣብ የታሰረ ትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል። ወጣት ግራዝማች አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ይህ ከጣሊያን የማረከው ነው» አሉኝ ሴትዮዋ። «በየዓመቱ የድል በዓል ሲደርስ ተማሪዎች እየመጡ ያዩታል።»

እኔ ስለ አውሮፕላን ምንም አላውቅም። ስለ ቁልፍ ግን ዐውቃለሁ፤ ልጅ ያሳደገች ሴት ቁልፍ ሳትቆጥር አታድርም። የግራዝማች ካፖርት ሦስተኛው ቁልፍ የለም፤ ክሩ ተንጠልጥሏል። ሴትዮዋ ማሩን ሊያስቀምጡ ጓዳ ሲገቡ አባቴን ከትራስ ጨርቁ አወጣኋቸው። ሦስተኛው ቁልፍ የለም፤ ክሩ ተንጠልጥሏል። አባቴ ረጅም ስለነበሩ እጅጌው ክርናቸው ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ግራዝማች አጭር ስለሆኑ የጣቶቻቸው ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ክንፉ ላይ የተጣፈውም ቦታ ያው ነው። በግራ እንግሊዝ፣ በቀኝ ጣሊያን።

የእሳቸው ፎቶ ግን ከታች አልተቆረጠም። ቀረብ ብዬ አየሁ። ከአውሮፕላኑ ሥር፣ ከጎማው አጠገብ፣ ሁለት ባዶ እግሮች ቆመዋል። የግራዝማች አይደሉም፤ የእሳቸው እግሮች ከውስጥ ናቸው። አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ አውሮፕላኑን ደግፎ ይዟል።

ሴትዮዋ ተመልሰው እግሮቹን ሳይ አዩኝ። ነጂው ነው አሉኝ፤ ግራዝማች ሲደርሱበት ከኋላ ተደብቆ ነው። ጣሊያን በባዶ እግሩ ነው እንዴ የሚነዳው አልኩ፣ ሳላስብ፤ በሕይወቴ ሳላስብ የተናገርኩት ይህንን ብቻ ነው። ሴትዮዋ ግን አልተከፉም። ሲሸሽ ጫማው ወልቆበት ነው አሉ። መልሱ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነበር፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ጠይቆ ይሆናል።

በዚህ መሐል ግራዝማች ገቡ። እኔን ከፎቶአቸው ሥር፣ አባቴን ከጭኔ ላይ አዩ። ከዚያ ባለቤታቸውን ጠላ እንዲያመጡ ላኩ፤ ጠላው ጎረቤት ድረስ የሚያስኬድ ነበር።

«ቁልፉን አይቼዋለሁ» አልኩ።

ተቀመጡ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያያሉ። መዋጋታቸው እውነት እንደሆነ ነገሩኝ፤ ትከሻቸው ላይ ያለውን ጠባሳ ላሳይሽ ብለው ጋቢያቸውን ሊገልጡ ሲሉ ይቅር አልኳቸው፤ አምኜአቸዋለሁ። ጠላት ከወጣ በኋላ ለሚካኤል ንግሥ ከጫካ ወጥተው ሲመጡ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ አንድ ፎቶ አንሺ ከሣንቃ የተሠራ አውሮፕላን አቁሞ፣ ካፖርት እያከራየ ሰው ያነሣ ነበር። ያለው ሁሉ ተነሣ። እሳቸውም ተነሡ። አባቴም ያንኑ ቀን ተሰልፈው ይሆናል። በኋላ ልጆች ይህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቋቸው የጣሊያን አውሮፕላን ነው አሉ፣ ለጨዋታ። ልጆቹ ለሌላ ልጆች ነገሩ። ትምህርት ቤቱ ሰማ።

«ጫካ ውስጥ ፎቶ አንሺ አልነበረም፣ ልጄ» አሉኝ። «ያየሁትን ሁሉ ሳወራ የሚሰማኝ አልነበረም። ይህን ሣንቃ ሲያዩ ነው ሰው ዝም ብሎ የሚሰማኝ።»

ያን ዕለት ቤቴ ገብተው አውሮፕላናቸው የእንጨት ሻጭ ተሳፍሮበት ሲያዩት ነው የደነገጡት። ሁለቱ ቤት አንድ ከሆነ፣ አንዱ የሠርግ እንግዳ ሁለቱን ፎቶ ያያል። አባቴ ባንዳ መሆናቸውን ለአንድ ደቂቃ እንኳ አላመኑም። ጣሊያን ነው ማለት ግን ለምደውት ከአፋቸው አመለጣቸው። ከተናገሩት በኋላ ደግሞ መመለሻው ጠፋቸው።

እኔ ማንንም ላዋርድ አልመጣሁም፣ የመጣሁት ስለ ልጆቹ ነው አልኳቸው። ግራዝማችም ልጆቹን እንደሚወዱ፣ ነገ ተመልሰው ቢመጡ ደስታቸው እንደሆነ ነገሩኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። ያቺን ፎቶ እሳት ውስጥ ጨምሪያት አሉ።

እዚህ ላይ፣ እኔ ፈሪዋ፣ ለቀበሌ ዘበኛ እንኳ ሁለት ጊዜ እጅ የምነሣ ሴት፣ እምቢ አልኩ።

«የእርስዎ ፊት አንገትዎ ላይ አለ፣ ግራዝማች። የአባቴ ያለው እዚህች ላይ ብቻ ነው።»

ባለቤታቸው ጠላውን ይዘው መጡ። ጠላውን ጠጥተን፣ ስለ ዝናቡ አውርተን ተለያየን። ዳገቱን ስወርድ ልጄን የዳርኳት ይሁን ያስቀረኋት አላወቅሁም።

እሑድ ተንኳኳ። በዱላ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ፣ በሥርዓት። ባለቤቴ ለእኔ ብሎ፣ ዳግመኛ ጣጣ እንዳይመጣ ፍሬሙን ወደ ሊቀመንበሩ አዙሮት ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች በተርታ ቆሙ። ስንዱ ጓዳ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የዕቃ ድምፅ አይሰማም። ግራዝማች ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ ከሊቀመንበሩ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ያ ፎቶ የት ሄደ?» አሉ።

ምን ላድርግ? ተነሥቼ ፍሬሙን አገላበጥኩት። ሊቀመንበሩ በሁሉም ፊት ወደ ግድግዳው ዞሩ። ሦስቱም ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ፤ ባለቤቴ ደግሞ ጫማውን። ጣሪያችን ያን ያህል የሚታይ ነገር የለውም። ሁሉም አይተው ሲጨርሱ አባዬ ቦታቸው ላይ ነበሩ።

ግራዝማች ባለፈው የጣሊያን ነው ያልኩት ዐይኔ ደክሞ ነው፣ ተሳስቻለሁ አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ነገር መጨረስ የሚወድ ሰው፣ ታዲያ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ግራዝማች አባዬን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«የእኛ ነው» አሉ። «እንጨቱን የጠረበው ሐበሻ ነው። ደግፎ ያቆመውም ሐበሻ ነው። ጣሊያን እጁን አላስገባበትም።»

ከዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ጠያቂው ሽማግሌ ዐይኑን በጋቢው ጠረገ፤ ለካ እኛም ነበረን አለ። ቀጥሎ የልጅቱ ጉዳይ ተነሣ፣ ባለቤቴ እንደ ወጉ ሊያመላልሳቸው አስቦ አፉን ከመክፈቱ በፊት እኔ እሺ ብዬ ጨረስኩት። የሴት ወገን ኩራት በኛ ቤት በዚህ ዓይነት አበቃ። ጓዳ ውስጥ አንድ ሳህን ወድቆ ተሰበረ፤ የተዋስነው ነው።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። አቶ ገብሬ ከመጀመሪያውም ተጠራጥሬ ነበር፣ እንዲያውም በሥሩ ሣር ሳላጭድ አልቀረሁም አሉ። መምህር ተፈራ መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍቱ መለሰና የጎደለ ገጽ አለው ብሎ ከሰሰ። ሠርጉም በሰላም አለፈ።

ከሠርጉ በኋላ ግን ሌላ ሐሳብ ያዘኝ። ግራዝማች አሁን ዘመድ ናቸው፤ ቤቴ ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይቀመጣሉ። ባለቤታቸውም አብረው ሊመጡ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ የባላቸውን ፎቶ ክንፍ በክንፍ ያውቁታል። ስለዚህ አሰብኩ፣ ተጠራጠርኩ፣ እንደገና አሰብኩና አባዬን ከፍሬሙ አውጥቼ ለስንዱ ሰጠኋት፤ አያትሽ ናቸው፣ ከአንቺ ጋር ይኑሩ ብዬ። ባልና ሚስቱ ኮተቤ ወዲያ ሁለት ክፍል ቤት አግኝተው ነበርና እዚያ ማንም አያየውም አልኩ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ዶሮ ወጥ በድስት ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ስንዱ መዶሻ ይዛ ሳሎኑ መሐል ቆማለች። አልጋ ልብስ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። አንዱ አባዬ ናቸው። ሌላው የባንዲራ ጥብጣብ አለው። ግራዝማችም እኔ የማስበውን አስበው፣ እኔ ስመጣ ባለቤታቸው አጠገቡ ቆመው ዳግመኛ እንዳያስጎበኙኝ፣ ለልጆቹ ቤት መመረቂያ ይሁን ብለው ልከውታል። ሁለት ጠንቃቃ ሰዎች የደበቁት ነገር እንዲህ ነው የሚገናኘው።

ድስቱን ይዤ በሩ ላይ ቀረሁ። ስንዱ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች። ጣቷን ሦስተኛው ቁልፍ ላይ አሳረፈች፤ ወደ ሌላው ወሰደችው። ጎንበስ ብላ ከታች ያሉትን እግሮች አየች። ምን እንደምላት አፌ ውስጥ ሳዘጋጅ ቀና ብላ አየችኝ። ግራዝማችን አንሥታ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ፣ እንግዳ ፊት ለፊት በሚያየው ቦታ አስደገፈቻቸው። አባዬን ወስዳ መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ ከአልጋው ራስጌ በላይ ለካቻቸው።

«ለአንድ ሳሎን አንድ አውሮፕላን ይበቃል፣ እማዬ» አለች። «መስፍን ሳይመጣ ድስቱን አስቀምጪና ሚስማር ያዥልኝ።»

ይህች ልጅ ቤት ታስተዳድር ይሆን ብዬ ከተወለደች ጀምሮ ስጨነቅ ኖሬያለሁ። ድስቱን አስቀመጥኩና ሚስማሩን ያዝኩላት።